ተዘጋጅቶ የሚመጣ ትልቅ የሞዴል ሮኬት በመንዝ ደጋ ላይ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቅድ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ክፍሎቹ ተቆርጠው በሣጥን የሚመጣ ትልቅ የሞዴል ሮኬት ገጣጥሞ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ላይ ለማስወንጨፍ የሚያስብ ተማሪ፥ የሙጫውን ጣሳ ከመክፈቱ በፊት ምን ምን ማስላት እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። የአገጣጠሙ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፍ ባላስፈለገም ነበር፤ ከሣጥኑ ጋራ የሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ክንፉ የት እንደሚጣበቅ፥ ገመዱ የት እንደሚታሰር በሥዕል እያሳየ ያስተምራል። ነገር ግን ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች በአብዛኛው ያሰቡት በባሕር ወለል አጠገብ ያለውን አየር ነው። መሐል ሜዳ ግን ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ያለው አየር የሣሣ ስለ ሆነ፥ ዕቃው አንድ ዓይነት ቢሆንም በዚያ የሚበረው ሮኬት ሌላ ሮኬት ነው ለማለት ይቻላል።

ሮኬት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰዎች በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ሮኬት ተኩሰዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት በቻይና አገር ከታዩዋን ጣቢያ በቻይና ሮኬት ተጭና ወደ ሕዋ ወጥታለች። እዚህ የምንነጋገርበት ሮኬት ከፊተኛው ጋራ በዓላማ፥ ከኋለኛው ጋራ ደግሞ በመጠን አይገናኝም። አካሉ የካርቶን ወይም የፋይበርግላስ ቱቦ፥ ክንፉ ኮምፔንሳቶ፥ አፍንጫው ፕላስቲክ ነው፤ መሪ የለውም፤ ወጥቶ ሲያበቃ በፓራሹት ተመልሶ ሌላ ቀን እንደገና ይነሣል።

የዚህ ሥራ አጀማመር ስለ ጥንቃቄ ብዙ ስለሚያስተምር ባጭሩ ልጥቀሰው። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባወጣች ጊዜ በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች የብረት ቧንቧ በራሳቸው በቀመሙት ባሩድ እየሞሉ መተኮስ ጀመሩ፤ ጣታቸውን ያጡም፥ የሞቱም ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1954፥ በነብራስካ ጫማ ነጋዴ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ከወረቀት የተሠራ፥ ሞተሩ የሚለወጥ ትንሽ ሮኬት ሠርቶ ነበር። ይህንኑ ሐሳብ ሃሪ ስታይን የተባለው ሰው አስፋፋውና እ.ኤ.አ. በ1957 የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር ተቋቋመ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ተማሪው ሮኬቱን ይሠራል፥ ሞተሩን ግን ፈጽሞ አይሠራም። ሞተሩ በፋብሪካ ተሠርቶ፥ ተመርምሮና ኃይሉ ተለክቶ የሚመጣ ነው። ማንም ሰው ይህን አንዱን ነገር ለመለወጥ ያሰበ እንደ ሆነ የቀረውን ጽሑፍ ባያነበው ይሻላል።

ሞተሮቹ በላቲን ፊደል ይጠራሉ። ፊደሉ የሚያመለክተው የሞተሩን ኃይል በሚነድበት ጊዜ አባዝቶ የሚገኘውን ቁጥር ሲሆን መለኪያው ኒውተን ሰከንድ ይባላል፤ እያንዳንዱ ፊደል የፊተኛውን እጥፍ ይይዛል። እስከ 160 ኒውተን ሰከንድ ያሉት፥ ማለት እስከ «ጂ» ድረስ፥ ተራ የሞዴል ሮኬት ሞተሮች ናቸው። ከዚያ በላይ ያሉት ከባድ ይባላሉ፤ «ኤች» እስከ 320፥ «አይ» እስከ 640 ይደርሳል። በአሜሪካ ከባዱን ሞተር ለመግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በማኅበሩ ሰዎች ፊት በ«ኤች» ወይም በ«አይ» ሞተር አስወንጭፎ ሮኬቱን ሳይሰበር መመለስ አለበት። ፈተናው የሚያልቀው ሲወጣ ሳይሆን ሲመለስ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሮኬት እንውሰድ። የቱቦው ስፋት 10 ሳንቲሜትር፥ ቁመቱ 1.8 ሜትር፥ ያለ ሞተር የሚመዝነው 3 ኪሎ ግራም ይሁን። ሞተሩ 600 ግራም፥ ከዚህ ውስጥ ነዳጁ 300 ግራም ነው። ስለዚህ ሲነሣ 3.6 ኪሎ፥ ነዳጁ ካለቀ በኋላ 3.3 ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩ በአማካይ 280 ኒውተን እየገፋ 2 ሰከንድ ይነዳል፤ ይህም 560 ኒውተን ሰከንድ ስለ ሆነ ሞተሩ «አይ» ነው። የሮኬቱ ክብደት 35 ኒውተን ያህል ስለ ሆነ የሞተሩ ኃይል የክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የማኅበሩ ደንብ ከሦስት እጥፍ እንዳያንስ ያዛል፤ ጠንቃቆች አምስት እጥፍ ይጠይቃሉ። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም። ብቻ ክብደቱ በካታሎጉ የተጻፈው ሳይሆን በሚዛን ላይ የተገኘው መሆን አለበት፤ ሙጫውና ቀለሙ ሳይታወቅ ብዙ ይጨምራሉና።

የአየሩ ነገር

በባሕር ወለል ላይ ሙቀቱ 15 ዲግሪ በሆነ ጊዜ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት 710 ሚሊባር ያህል፥ ሙቀቱም 12 ዲግሪ ቢሆን ያው ሜትር ኩብ የሚመዝነው 0.87 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይህም 71 በመቶ ማለት ነው። ከአየር ጋራ ግንኙነት ያለው የሮኬቱ ሥራ ሁሉ፥ የክንፉ፥ የፓራሹቱ፥ የሰበቃው፥ በዚህ ቁጥር ይለወጣል። የሞተሩ ኃይልና የምድር ስበት ግን ከሞላ ጎደል አይለወጡም። መመሪያው የተጻፈበት ሚዛን የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታ በተለወጠ ቁጥር ስሌቱም መለወጥ አለበት። ለምሳሌ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ በ2200 ሜትር ገደማ ላይ፥ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን፥ አየሩ 0.93 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከመንዝ ወደ መርሐቤቴ የሚወርድ ሰው በሰውነቱ የሚሰማው ልዩነት በሮኬቱም ላይ አለ፤ ስለዚህ በአንዱ ሜዳ የተሠራው ስሌት ለሌላው አይሠራም።

ብዙ ጊዜ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው። ከላይ ያለው ሮኬት በባሕር ወለል አየር 700 ሜትር ያህል፥ በመንዝ አየር 780 ሜትር ያህል ይወጣል። አየሩ በ29 በመቶ ሣሥቶ ሳለ ከፍታው በ11 በመቶ ያህል ብቻ የጨመረው፥ እንዲህ ያለውን ሮኬት ይበልጡን የሚያቆመው አየሩ ሳይሆን የራሱ ክብደት ስለ ሆነ ነው። ነዳጁ ካለቀ በኋላ ጫፍ እስኪደርስ የሚቆይበት ጊዜ ግን ከ9.9 ሰከንድ ወደ 10.7 ይረዝማል። ፓራሹቱ የሚወጣው በሞተሩ ውስጥ ባለው የጊዜ መቁጠሪያ ቅመም ከሆነ ይህ ልዩነት ይቆጠራል፤ ሮኬቱ ገና ሽቅብ ሲሮጥ የተከፈተ ፓራሹት ይቀደዳልና።

አወራረዱ

በእኔ አስተያየት ዕቅድ መጀመር ያለበት ከመጨረሻው፥ ማለት ሮኬቱ መሬት ከሚነካበት ጊዜ ነው። ከሣጥኑ ጋራ የመጣው ፓራሹት 1.5 ሜትር ስፋት አለው እንበል። 3.3 ኪሎ የሚመዝነው ሮኬት በዚህ ፓራሹት በባሕር ወለል አየር በሰከንድ 6.1 ሜትር ይወርዳል። በመንዝ አየር ያው ፓራሹት በሰከንድ 7.25 ሜትር ያወርደዋል። በፍጥነት ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የምቱ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋራ ስለሚሄድ በ41 በመቶ ያድጋል። ፊተኛው ሮኬቱን ከ1.9 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ መልቀቅ፥ ሁለተኛው ከ2.7 ሜትር ላይ እንደ መልቀቅ ነው። ከ1.9 ሜትር ሲወድቅ የቆመው ክንፍ ከ2.7 ሜትር ሲወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በበግ ወይም በሰው ላይ ካረፈ ደግሞ ነገሩ የክንፍ ነገር አይሆንም።

መድኃኒቱ ፓራሹቱን ማስፋት ነው። ስፋቱን በ1.19 ማባዛት ይበቃል፤ 1.5 ሜትር የነበረው 1.8 ሜትር ይሆናል፤ አወራረዱም ወደ 6.1 ይመለሳል። ሰፊው ፓራሹት ግን ብዙ ቦታ ይፈልጋል። በቱቦው ውስጥ ተጨናንቆ የገባ ፓራሹት በጊዜው አይወጣም፤ ስለዚህ ይህ ነገር የሚወሰነው ቱቦው ከመቆረጡና ውስጠኛው ግድግዳ ከመጣበቁ በፊት ነው። ካጣበቁ በኋላ ያስታወሱት እንደ ሆነ ሥራው እንደገና መጀመሩ ነው።

ሌላው ችግር ነፋስ ነው። ከ780 ሜትር ላይ በሰከንድ 6.1 ሜትር የሚወርድ ሮኬት መሬት ለመድረስ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ላይ ያለው ነፋስ በሰከንድ 6 ሜትር ቢሆን 770 ሜትር ያህል ይወስደዋል። ይህም በመንዝ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ደጋው ሜዳ ቢመስልም በብዙ ቦታ በድንገት ይቆረጣል፤ በምዕራብ ወደ ጀማ ሸለቆ፥ በምሥራቅ ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል አለ። ነፋስ ከገደሉ አፋፍ ያሻገረውን ሮኬት ፈልጎ ለማምጣት የሚወርደው ልጅ ነው እንጂ ሮኬቱ አይደለም የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለው አገር አወራረዱን በሁለት ደረጃ መክፈል የግድ ይመስለኛል። ጫፍ ላይ ትንሽ ፓራሹት ብቻ ይወጣና ሮኬቱ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ፈጥኖ ይወርዳል፤ ከመሬት 150 ሜትር ሲቀረው ትልቁ ይከፈታል። እንዲህ ሲሆን ጠቅላላው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ፥ ነፋሱም የሚወስደው 340 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ይህን የሚያዘው በአየር ግፊት ከፍታን የሚለካ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ገንዘብ በተገኘ መጠን የየራሳቸው ባትሪ ያላቸው ሁለት መሣሪያዎች ቢገቡ መልካም ነው፤ አንዱ ቢተኛ ሌላው ይነቃል። ባትሪ በብርድ ይዳከማልና በመንዝ ሌሊት ያደረ ባትሪ በማለዳ ከመለካቱ በፊት አይታመንም።

ግፊትን በሚመለከት አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በመሬት ላይ ሳለ በቱቦው ውስጥ የተዘጋው አየር የመሬቱን ግፊት እንደ ያዘ ይወጣል። 780 ሜትር ሲደርስ የውጪው ግፊት በ63 ሚሊባር ያህል ይቀንሳል። 10 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው አፍንጫ ላይ ይህ ልዩነት 50 ኒውተን ያህል ይገፋል፤ አምስት ኪሎ ዕቃ የሚያነሣ ኃይል ማለት ነው። አፍንጫው በዚህ ተገፍቶ ያለ ጊዜው እንዳይወልቅ በቱቦው ላይ ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይበጃል፤ አፍንጫውም የማስወጫው ባሩድ ሲተኮስ ብቻ በሚሰበሩ ቀጫጭን የፕላስቲክ ችንካሮች ይያዛል። ባሩዱ በቂ መሆኑ የሚታወቀው ሞተር በሌለበት፥ መሬት ላይ፥ ሰው ርቆ ቆሞ በሚደረግ ሙከራ ነው።

ፓራሹቱን ከባሩዱ እሳት የሚጠብቀው ጨርቅ እሳት የማይበላው ዓይነት ሲሆን ከሣጥኑ ጋራ ይመጣል። የጠፋበት ሰው በጥጥ ጨርቅ መተካት የለበትም። ሱፍ ከጥጥ ይልቅ በቀላሉ እሳት እንደማይዝ የታወቀ ነው፤ የመንዝ ባና ቁራጭ ለዚህ ሥራ ይሆን አይሆን እንደ ሆነ በመሬቱ ሙከራ ላይ መመርመር የሚያስደስት ጥናት ይመስለኛል፤ በአየር ላይ ግን ሳይሞከር አይገባም።

የሐዲዱ ርዝመትና የሚዛኑ ነገር

ከወንጭፍ የሚወጣ ድንጋይ ኃይሉን ሁሉ ከእጅ ሳይለይ ይቀበላል፤ ሮኬት ግን ሐዲዱን ሲለቅ ገና ቀስ እያለ ነው። ሐዲዱን ከለቀቀ በኋላ የሚያቀናው ክንፉ ብቻ ነው፤ ክንፉም የሚሠራው አየር በፍጥነት ሲያልፍበት ነው። በባሕር ወለል ላይ ሮኬቱ ሐዲዱን ሲለቅ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ፍጥነት እንዲኖረው ይመከራል። የኛ ምሳሌ በየሰከንዱ 68 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ስለሚጨምር በ1.8 ሜትር ሐዲድ 15.6 ይደርሳል፤ ለባሕር ወለል ይበቃዋል። በሣሣው አየር ግን ክንፉ ያንኑ ኃይል እንዲያገኝ 18.5 ያስፈልጋል። ለዚህም ሐዲዱ 2.5 ሜትር መሆን አለበት። ይህ ርዝመት የሚቆጠረው የሮኬቱ የላይኛው መያዣ ከሐዲዱ እስኪወጣ ድረስ ስለ ሆነ፥ የሚገዛው ብረት ከዚህ መርዘም ይኖርበታል። ከሁሉም ለውጦች ርካሹ ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው።

ሐዲዱን ሲለቅ ያለው ፍጥነት ከነፋሱ ፍጥነት አራት እጥፍ ባላነሰ ጊዜ ሮኬቱ ብዙ አይዘነብልም የሚል የልማድ መመዘኛ አለ። በዚህ መሠረት በመሬት ላይ ያለው ነፋስ በሰከንድ ከ4.6 ሜትር በላይ በሆነ ቀን ሥራውን ማቆም ነው። የአሜሪካው ደንብ እስከ 9 ሜትር ያህል ይፈቅዳል፤ ለመንዝ ይህ የበዛ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ያለውን የደጋ ነፋስ የሚያውቅ ሰው ማለዳን ይመርጣል።

ሮኬት ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ለማስረዳት ከጦር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጦር ወርዋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ብረቱ ከፊት፥ ዘንጉ ከኋላ ስለ ሆነ ጦሩ በብረቱ ይመራል፤ ብረቱ ከኋላ ቢሆን በአየር ላይ ይገለበጣል። በሮኬትም እንዲሁ ነው። የክብደቱ ማዕከል፥ ማለት በጣት ላይ ሲቀመጥ ሳይዘነብል የሚቆምበት ቦታ፥ የአየሩ ግፊት ከሚያርፍበት ማዕከል ፊት መሆን አለበት። ልዩነቱ ከቱቦው ስፋት አንድ እጥፍ እንዳያንስ፥ ከሁለት እጥፍም ብዙ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ብዙ የበለጠ እንደ ሆነ ሮኬቱ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ፊቱን እያዞረ ይሄዳል። የአየር ግፊቱን ማዕከል ከክንፉ ቅርፅ የሚያወጣውን ስሌት ጄምስ ባሮውማን እ.ኤ.አ. በ1966 ለሮኬት አፍቃሪዎች አቅርቦታል፤ መደመርና ማባዛት ለሚችል ተማሪ ከአንድ ቀን ሥራ አያልፍም።

በምሳሌያችን የክብደቱ ማዕከል ከአፍንጫው ጫፍ በ122 ሳንቲሜትር፥ የግፊቱ ማዕከል በ140 ሳንቲሜትር ላይ ቢሆኑ ልዩነቱ 18 ሳንቲሜትር፥ ማለት 1.8 እጥፍ ነው። አሁን ተማሪው ክንፉ እንዳይወልቅ ፈርቶ 200 ግራም ሙጫ በ170 ሳንቲሜትር ላይ ቢጨምር የክብደቱ ማዕከል 2.5 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። እርሱን ለመመለስ አፍንጫው ውስጥ ሌላ 90 ግራም ያህል ማስገባት ያስፈልጋል። ክብደት ክብደትን ይጠራል፤ ክብደቱ ደግሞ ፓራሹቱን፥ ፓራሹቱም ቱቦውን። ለዚህ ነው ሙጫ በሚዛን እየተለካ መግባት ያለበት። ልኬቱም የሚደረገው ሞተሩ ከነነዳጁ ሲገባ በሚኖረው ክብደት ነው፤ ሞተሩ ከጅራት በኩል ስለሚቀመጥ ባዶውን የተመዘነ ሮኬት ሐሰተኛ ተስፋ ይሰጣል።

ስለ አገጣጠሙ ጥቂት

ክንፉ ከቱቦው ላይ ብቻ ሳይሆን በተሰነጠቀው ቀዳዳ አልፎ ከውስጠኛው የሞተር ቱቦ ጋራ ይጣበቃል። የሚጣበቀው ገጽ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፤ በለሰለሰ ገጽ ላይ ኤፖክሲ አይዝም። የኮምፔንሳቶው የውጪ ጭረት ከቱቦው ሲወጣ በክንፉ ርዝመት እንዲሄድ ይደረጋል፤ አለዚያ እንደ ማገዶ ይሰነጠቃል።

በመንዝ ሌላው ጠላት ብርድ ነው። ኤፖክሲ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ለመድረቅ እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳል። በ25 ዲግሪ በአንድ ቀን የሚደርቀው፥ በ10 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ውርጭ በሚጥልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የተጣበቀ ክንፍ በማለዳ ሲነኩት የጠነከረ መስሎ ይታያል፤ ውስጡ ግን አልደረሰም። ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ቱቦውን ያጣምመዋል፤ ቀን ከነፋስ በተከለለ ፀሐይ ማሞቅ፥ ማታ በጋቢ ጠቅልሎ ማሳደር ይሻላል። ዕቅዱም ቀኖቹን በዚሁ ልክ ይቁጠር።

ስለ ሜዳው

በደንቡ መሠረት ለ«አይ» ሞተር ከሐዲዱ ዙሪያ 15 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ከሚነድ ነገር ይጸዳል፤ ሰዎች ከ30 ሜትር ባላነሰ ርቀት ይቆማሉ፤ የሜዳው ጠባብ ጎን ከከፍታው ግማሽ ወይም ከ450 ሜትር ገደማ፥ ከሁለቱ ከሚበልጠው፥ ማነስ የለበትም። ለኛ ሮኬት የሚሠራው 450 ሜትር ነው፤ ከዚህ በፊት ያሰላነው የነፋስ መውሰድ ሲታሰብ ግን 800 ሜትር ብፈልግ አልታማም።

ሰፊና ሰው የሌለበት ሜዳ ሲባል ብዙ ሰው ጓሳን ያስባል። ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ የሆነ፥ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፥ የመንዝ ሕዝብ ለብዙ ዘመን በቄሮ ሥርዓት እየተፈራረቀ የጠበቀው የሣር ምድር ነው። ቤት የሚከደንበት ሣር በበጋ እንደ ክብሪት ይሆናል። የሞተሩ እሳት ከሐዲዱ በታች ይወርዳል፤ ፓራሹቱ ሳይከፈት የወደቀ ሮኬት ደግሞ የጋለ ሞተሩን ይዞ ሣር ውስጥ ይገባል። ሕዝብ ለዘመናት ያቆየውን ምድር ለአንድ ቀን ትምህርት አደጋ ላይ መጣል ስለማይገባ ጓሳ ከዕቅዱ መውጣት አለበት።

የሚሻለው መኸሩ ከታጨደና ከተሰበሰበ በኋላ ያለው የገብስ ማሳ ነው፤ እርሱም ለበልግ ከመታረሱና ከመዘራቱ በፊት። ይህ ጊዜ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ያህል ጠባብ ነው። ክምር ካለበት ዐውድማ መራቅ፥ ከሐዲዱ ሥር ያለውን ገለባ ጠርጎ አፈሩን ማራስ፥ ውሃና አካፋ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባለማሳው ይጠየቃል፤ በጎቹ ከነእረኞቻቸው ከነፋሱ በላይ ወዳለው ወገን ይወሰዳሉ። ከሰማይ ለሚወርድ ነገር ሁሉ እየሮጠ የሚሄድ ሕፃን ነውና ለእረኞቹ ልጆች አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ያልተተኮሰ ባሩድ በውስጡ ሊኖር ስለሚችል ከሠሪው በቀር ማንም አይነካውም። የተጫነው ማቀጣጠያ ሳይሠራ ቢቀር አንድ ሙሉ ደቂቃ ሳይጠበቅ፥ የኤሌክትሪኩም መስመር ሳይቋረጥ ወደ ሐዲዱ መጠጋት የተከለከለ ነው።

ፈቃድ ከሁሉ የሚቀድም ነው። የአየር ክልሉ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፥ የሞተሩና የባሩዱ አገባብ ለጸጥታና ለጉምሩክ ሹማምንት የሚቀርብ ነው። ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ጦርነት የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማ ሕዝብ፥ እየጮኸ ወደ ሰማይ የሚወጣ ነገር ሲያይ የተማሪ ሥራ ነው ብሎ እንዲገምት መጠበቅ አይቻልም። በፍርሃት የሚሸሽ እናት ወይም በስሕተት የሚተኩስ ወታደር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ስሌቱን፥ አገጣጠሙንና የመሬቱን ሙከራ ፈቃድ ባለበት ግቢ ውስጥ መፈጸም፥ ሞተሩን ግን መንግሥትም ባላገሩም አውቀው እስኪፈቅዱ ድረስ አለማዘዝ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው። የተገጣጠመ ሮኬት በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ አይበላሽም።

በመጨረሻ ከፍታ መለኪያውን የሚመለከት አንድ ማስታወሻ አለ። መሣሪያው ከፍታን የሚያወጣው ግፊቱን ከአንድ ከተወሰነ የዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ጋራ አመዛዝኖ ነው። በዚያ ሠንጠረዥ 3000 ሜትር ላይ ያለው ሙቀት ከዜሮ በታች 4.5 ዲግሪ ነው፤ በመንዝ ቀን ግን 12 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። የሞቀ አየር የተዘረጋ ስለ ሆነ መሣሪያው ከእውነቱ 6 በመቶ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ 780 ሜትር የወጣው ሮኬት ሲወርድ 735 ያህል ጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ሮኬቱ ከመነሣቱ በፊት በጥላ የተነበበው የሙቀት ልክ ከሰዓቱ ጋራ በመዝገብ ይጻፍ፤ ሁለቱንም ሙቀት ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ከሚጀምረው መለኪያ ቆጥሮ የመንዙን ለሠንጠረዡ በማካፈል የሚገኘው ቁጥር፥ እዚህ 285 ለ268.5፥ መሣሪያው በጻፈው ከፍታ ይባዛል።